ቢ ኤም አይ 31 ከሆነ ክብደት ለመቀነስ ለሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ይበቃል?

ቢ ኤም አይ ማለት ኪሎህን ለቁመትህ በሜትር አካፍለህ፣ ውጤቱን እንደገና ለቁመትህ ስታካፍለው የሚመጣው ቁጥር ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 90 ኪሎ የሆነ ሰው 31 ገደማ ያገኛል።

ሰው የሚደናገረው መስፈርቱ ስለተቀየረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ 40 ይጠይቅ ነበር፤ ከባድ ተጓዳኝ በሽታ ላለበት 35። በ2022 ግን የዘርፉ ሐኪሞች ማኅበራት በሽታ ባይኖርም 35 ይበቃል አሉ። ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ይመክራሉ።

ስኳር የሌለበት ባለ 31ስ? ከቀዶ ሕክምና ሌላ ያለው መንገድ ተሞክሮ ዘላቂ ለውጥ ካላመጣ ይታሰብበታል ነው የሚሉት። ይታሰብበት ማለት ይደረግ ማለት አይደለም። ተቆርጦ የወጣ ጨጓራ አይመለስም፤ ቫይታሚን መውሰዱም ዕድሜ ልክ ነው። እኔ ብሆን አልቸኩልም።