ኤሲ በደከመ ቁጥር ጋዝ? ስለ ጋቢና ፊልትሮ የሚባለውና እውነታው

ሚያዝያ ላይ ነው። የአባዱላዬ ኤሲ እፍ እፍ ይላል እንጂ አይነፍስም። ማራገቢያውን ወደ 4 ሳዞረው ጩኸቱ ይጨምራል፣ ነፋሱ ግን ያው ነው። ጋራዥ ወሰድኩት። "ጋዝ ጨርሷል" ተባልኩ። አስሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ቀለበት መንገድ ሳልደርስ እዚያው ነኝ። እሁድ ዕለት ከጋቢና ወንበር ፊት ያለውን የዕቃ ኪስ ራሴ ፈታሁት። የወጣውን ነገር ያየችው ባለቤቴ "የአይጥ ጎጆ ነው እንዴ?" አለችኝ። ግማሹ የደረቀ የጃካራንዳ አበባ፣ ግማሹ አቧራ። ወደ ጋቢና የሚገባውን አየር የሚያጣራው፣ ነጭ የነበረው ፊልትሮ የምጣድ ማሰሻ መስሏል።

ከዚያ ወዲህ ይህችን ፊልትሮ ባነሳሁ ቁጥር ከሾፌር ጓደኞቼ የምሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው። እስኪ አንድ በአንድ ልያዘው።

"ፊልትሮማ ሰርቪስ ሳስደርግ ተቀይሯል"

የቱ? ሰርቪስ ላይ በብዛት የሚቀየሩት የዘይትና የነዳጅ ፊልትሮ ናቸው። ኤር ክሊነር የምንለውም ሞተሩ የሚተነፍስበት ነው። የጋቢናው ፊልትሮ ግን የእኛ ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያው አጠገብ ካለው ፍርግርግ የሚገባውን አየር ያጣራል። ዛፍ ሥር የሚያድር መኪና ቅጠልና አበባ የሚሰበስበውም በዚያው በኩል ነው። ደረሰኙ ላይ "ፊልትሮ" ብቻ ከተጻፈ የቱ እንደሆነ መጠየቅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ "ኤሌክትሪክ መኪና ፊልትሮ የለውም" የሚል መጥቷል። የሞተር ኤር ክሊነር የለውም፣ እውነት ነው። ተሳፋሪው ግን አሁንም ይተነፍሳል።

"ኤሲ ከደከመ ጋዝ አልቋል ማለት ነው"

ብዙ ብር የሚበላን ይሄ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በሚያፈስ ባልዲ ውኃ መቅዳት ነው።

የጋዝ መጉደልንና የፊልትሮ መደፈንን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። እጃችሁን ነፋሱ የሚወጣበት ላይ አድርጉ። ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ካልቀዘቀዘ ወደ ጋዝና ጋዙን ወደሚገፋው ኮምፕሬሰር ሂዱ። ቀዝቃዛ ሆኖ ትንሽ ብቻ ከወጣ ፊልትሮውን ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ፊልትሮውን አውጡና ማራገቢያውን ለአንድ ደቂቃ አስነሱት። ነፋሱ ወዲያው ከጨመረ ጥፋተኛው እጃችሁ ላይ ነው። 1፣ 2 እና 3 ላይ ጭራሽ ሳይነፍስ 4 ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው፤ ፊልትሮውን አትውቀሱ።

የተደፈነ ፊልትሮ ሌላም ጣጣ አለው። በቂ አየር ካላለፈ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ በረዶ ሊይዝ ይችላል። ረጅም መንገድ ላይ ነፋሱ እየደከመ ሄዶ፣ ኤሲውን ለጥቂት ጊዜ ሲያጠፉት የሚመለሰው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ክረምት ላይ መስታወቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ አልገልጥ ሲል፣ ሾፌሩ በእጅጌው እየወለወለ የሚነዳውም አንዳንዴ መነሻው ይኸው ነው።

"የእኔ መኪና ሲፈጠርም ፊልትሮ የለውም"

ሊሆን ይችላል። ያለ ፊልትሮ ከፋብሪካ የወጡ ቫኖች አሉ። ግን አንዳንዶቹ ላይ የጎደለው ፊልትሮው ብቻ ነው፤ ማስቀመጫው ተሠርቶ በፕላስቲክ ተደፍኗል። ኪሱን አውርዳችሁ ከኋላው አራት ማዕዘን ክዳን ወይም የክዳን ቅርጽ ካለ፣ ለሞዴሉ የሚሆነውን ፊልትሮና ክዳን ገዝቶ መጨመር ይቻላል። ድፍኑን መቁረጥ ካስፈለገ ፍርፋሪው ማራገቢያው ውስጥ እንዳይወድቅ።

ቦታው ከሌለ ደግሞ የለም። ስፖንጅ ቆርጦ መወተፍ አይሆንም፤ ማራገቢያው ስቦ ይውጠዋል። ደግሞ አትርሱ፦ በብዙ ቫን የኋላው ኤሲ አየሩን የሚስበው ከተሳፋሪው ክፍል ነው። የፊቱን ቀይራችሁ ከኋላ ከሸተተ አትገረሙ።

"በአየር ኮምፕሬሰር ይነፋ፣ አዲስ ይሆናል"

አይሆንም። ትልልቁ አቧራ ይወጣል፣ ደቃቁ ክር ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ኃይለኛ ግፊት ክሩን ይበሳዋል። ማጠብ ይብሳል፤ እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል። መታጠብ ይችላል ተብሎ የተሠራ ከሆነ ብቻ ይታጠብ። እኔ ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ እስክገዛ ቅጠሉን አራግፌ ለሦስት ቀን መልሼዋለሁ። ለሦስት ቀን ብቻ።

"ባለ ከሰሉ ጭስ በሙሉ ይይዛል"

ጥቁሩ፣ ከሰል ያለበት ፊልትሮ ከፊታችን ያለው አይሱዙ የሚለቀውን ጭስ ሽታ ይቀንሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያስቀርም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። ስለዚህ የትኛውም ፊልትሮ ቢገባለት፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ መተኛት የለም።

"መካኒክ ያስፈልገዋል"

በብዙ ቶዮታ ላይ ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ኪሱን ባዶ ማድረግ፣ የጎን ማያያዣዋን ማላቀቅ፣ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን አድርጎ ወደ ታች መልቀቅ፣ ክዳኑን ከፍቶ መሳብ። አሥር ደቂቃ። እኔ ከፊልትሮው ሌላ የጠፋ የፓርኪንግ ደረሰኝ አግኝቻለሁ።

የሚያሳስተው ቀስቱ ነው። አንዳንዱ ላይ "አፕ" ይላል፤ ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን ማለት ነው። አንዳንዱ ላይ "ኤር ፍሎ" ይላል፤ ቀስቱ አየሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን ማለት ነው። አየሩ ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት መኪና ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ቀስቱን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም ማንበብ ነው።

ብዙ አምራቾች በየ15,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ ቀይሩ ይላሉ፤ አቧራ ባለበት ቀደም ብሎ። እኔ የቀየርኩበትን ቀንና ኪሎ ሜትሩን ፊልትሮው ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ "ቀየርንልህ" ሲሉኝ ኪሱን አውርጄ የእጅ ጽሑፌን እፈልጋለሁ።