እናቱ ገበያ የሄደችበት

ባሕር ማዶ ለቅሶ ሲደረስ «እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» የሚለው አባባል ያለቦታው ይገባል። መርዶ የተነገረውን ሰው ከበው ተቀምጠው «እኛም እኮ እናቶቻችንን ካየን ስንት ዓመት፤ ያው እኩል ያለቅሳሉ ነው ነገሩ» ይሉታል። ለማጽናናት ብለው ነው። አባባሉ ግን ሐዘናቸው እኩል ነው አላለም። እኩል ያለው ለቅሷቸውን ነው።

ለመሆኑ እናቱ ገበያ ስትሄድ የሚያለቅሰው የትኛው ልጅ ነው? ጡት የሚጠባው በአንቀልባ ታዝሎ አብሯት ይሄዳል። ከፍ ያለው ከብት ይጠብቃል፣ ወይም ዶሮ አንጠልጥሎ ይከተላታል። የሚቀረው መካከለኛው ነው፤ ጡት የጣለው፣ ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው። ለማዘል ከብዷል፣ የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ደግሞ በእግሩ አይችልም። ገበያው በሳምንት አንዴ ስለሆነ መለየቱን አይለምደውም፤ ስድስት ቀን ከጉያዋ ሳይርቅ ሰንብቶ በሰባተኛው እንደ አዲስ ይደነግጣል። እናትም ይህን ስለምታውቅ ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች። ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች፣ እንቁላሏን እንዳይሰበር ጭድ ውስጥ ትደረድራለች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ትወጣለች። ከነቃባት አለቀላት፤ ቀሚሷን ይዞ አይለቅም። «ሸንኮራ አመጣልሃለሁ» ብላ፣ ለአያቱ አስይዛው ትሄዳለች። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ልጁን የምታገኘው አጥር ሥር ቆሞ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ነው።

የአባባሉን መነሻ ብዙ ሰው ትንሹን ችግር ለሚያጋንን የተሰነዘረ ተግሣጽ ያደርገዋል። እኔ የማምነው ለቅሶ ቤት ውስጥ መወለዱን ነው። እናቱ ለሞተችበት ሕፃን ምን ይባላል? «ገበያ ሄዳለች፣ ትመጣለች» ይባላል። ለጎረቤት ልጅ እውነት ሆኖ የተነገረው ቃል ለእሱ ማባበያ ሆኖ ተነገረው። ሁለቱ አንድ ቃል ሰምተው አንድ ዓይነት ቢያለቅሱ ምን ይገርማል? ከአጥር ውጭ የሚሰማ ሰው በድምፅ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ምሽቱ ነው። በአንዳንድ አካባቢ «ወንዝ የወረደችበት» መባሉም ግምቴን አያፈርሰውም። ወንዝ የወረደችውም እንስራዋን አዝላ ትመለሳለች።

ያ ማባበያ ዛሬም ስልክ ላይ አለ። ውጭ ያለው ልጅ «እማዬን አገናኙኝ» ሲል «ጸበል ሄዳለች» ወይም «ገጠር ወርዳለች፣ ኔትወርክ የለም» ይባላል። ይህ ሁሉ መርዶው በወጉ እስኪነገር ነው። ወጉን የሚያውቁ ሰዎች አስቀድመው ይነጋገራሉ፤ ሥራ የማይገባበትን ቀን ይመርጣሉ፣ ቤት ውስጥ አብሮት የሚኖር ካለ በምስጢር ይነግሩታል፣ እህልና ውሃ ያዘጋጃሉ፣ ከዚያ ማለዳ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። የሚናገረው በዕድሜ ጠና ያለው ነው፤ የቅርብ ጓደኛው አጠገቡ ይቀመጣል። ማለዳ የሚሆነው ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ አብሮት እንዲያለቅስ ነው። ማታ የተነገረው ሌሊቱን ብቻውን ይጋፈጠዋል። ይህን ሁሉ የሚያበላሸው አንድ ችኩል ዘመድ ነው፤ የሟችን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና ልጅየው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ያነበዋል።

ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም አብዛኛው ከውጭ የሚጓዝ ሰው አይደርስበትም። ሊደርስ የሚችለው ለአርባው ተዝካር ነው። ግቢው ሲገባ ድንኳኑ ቢነሳም ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል፤ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ያ ቀን የእሱ የቀብር ቀን ነው፤ «አሁንማ በቃህ» ብሎ አፉን መያዝ ነውር ነው። መሄድ ያልቻለ ኦርቶዶክሳዊ ባለበት አገር ካለች ቤተ ክርስቲያን ስሟን አስገብቶ ጸሎት ያስደርግላታል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚደናገጡት የእናታቸውን የክርስትና ስም ስለማያውቁ ነው። ዕድሜ ልካቸውን «እማዬ» ሲሉ ኖረው፣ ካህኑ ወለተ ማን እንደሆነች ሲጠይቋቸው ዝም ይላሉ። ሳይረፍድ ከአክስት ጠይቆ ጽፎ መያዝ ነው።

ሙት ዓመቱም በሐበሻ አቆጣጠር ይያዝ። የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ በ2017 ግን 11 ላይ ዋለ። በ2016 ጥቅምት እናቱ የሞተችበት ሰው በስልኩ የፈረንጅ ቀን ብቻ ከቆጠረ፣ አገር ቤት ሙት ዓመቷን አውጥተው ባደሩ በማግስቱ ሻማ ያበራል።

አባባሉን በለቅሶ መሀል የሚጥሉት እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘለው ነው። የእነሱም ናፍቆት እውነተኛ ናፍቆት ነው፤ ማንም አልካደባቸውም። ግን የእነሱ እናት ስልኳ ይጠራል፣ «ሃሎ» ትላለች፣ መቼ እንደሚመጡ ትጠይቃለች። እናቱ ለሞተችበት ሰው «እኩል ነን» ከማለት አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ሲወጡ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆመው ለእናታቸው ይደውሉ።