ማይክሮአግሬሽን ምንድን ነው? «ወፈርሽ» እና «አትመስልም» የሚያሳምሙት ለምንድን ነው?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ወር ያህል ከሥራ ርቃ ቆይታ ስትመለስ፣ ገና በሩን እንዳለፈች «ውይ፣ እንዴት ቀጥነሻል! አምሮብሻል እኮ! ምስጢሩን ንገሪን እንጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። ፈገግ ብላ «አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ ሰቅላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ያንኑ ደገሙላት። ታማ እንደነበር፣ ሕመሟንም ለማንም መናገር እንዳልፈለገች ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። «የዚያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሁሉ ያደነቀልኝ ሕመሜን ነበር።»

ያን ስናገር በልቤ ክፋት አልነበረም። ለነገሩ ስም ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ስድብ ቢሆን ስድብ ብለነው እናልፍ ነበር፤ ተሰዳቢውም ቢቆጣ ማንም አይፈርድበትም። ከስድብ በታች ያለው፣ ሲባል ቀላል የሚመስለው፣ ሲደርስብን ግን ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚቀረው ነገር ነው ማይክሮአግሬሽን የሚባለው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ጥቃቅን ጥቃት» እንደ ማለት ነው። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ሳያስበው፣ ብዙ ጊዜም እያሞገሰ፣ እየቀለደ ወይም እየመከረ ከአፉ የሚያመልጠው፣ ለሰሚው ግን «አንተ ከእኛ ታንሳለህ» ወይም «አንቺ የእኛ አይደለሽም» የሚል መልእክት ይዞ የሚደርስ ንግግር ወይም ድርጊት ነው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1970 የፈጠሩት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህርና የሥነ አእምሮ ሐኪም የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊው ቸስተር ፒርስ ናቸው። በዚያን ዘመን ስለ ዘረኝነት ሲወራ ሰው የሚያስበው ዱላና ሕግን ነበር። ፒርስ ግን ትኩረታቸውን ያሳረፉት በየዕለቱ በሚደርሰው በትንሹ ነገር ላይ ነው፤ በአስተያየት፣ በዝምታ፣ በንግግር ቃና፣ ሳይታዩ በመታለፍ። አንዱን ለብቻው ስታየው ኢምንት ነው፤ ሲደራረብ ግን የሰውን ጤና ይጎዳል፣ ዕድሜም ሊያሳጥር ይችላል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ዴራልድ ዊንግ ሱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሐሳቡን አስፋፉት። በሦስት ከፈሉት፦ ሆን ተብሎ የሚሰነዘረው፣ ሳይታወቅ የሚያዋርደው፣ እና የተጎዳውን ሰው «ምንም አልሆንክም፣ አንተ ነህ የምታካብደው» ብሎ ስሜቱን የሚያስክደው። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ያቆስላል፤ ሦስተኛው ግን ቁስል እንደሌለ ያስምላል።

«ጥቃቅን» የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል። ጥቃቅኑ የሚለካው በተናጋሪው በኩል ነው። ተናጋሪው አንዴ ተናግሮ መንገዱን ይቀጥላል፤ ሰሚዋ ግን በዚያው ሳምንት ከአክስቷ፣ ከጎረቤቷ፣ ከልብስ ሻጩና ከአለቃዋ የሰማችው ላይ ነው የምትጨምረው። እሱ አንድ ቃል ተናገረ፤ እሷ መቶኛዋን ሰማች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው በትልቁ ጦር ብቻ አይደለም።

በርዕሱ ላይ ስለ ክብደት የሚነገረውን «ወፈርሽ»ን እና ስለ ብሔር የሚነገረውን «አትመስልም»ን አንድ ላይ ያነሳሁት፣ ክብደትና ብሔር ሁለቱም ሰው ከቤቱ ሲወጣ ጥሎት ሊወጣ የማይችለው ነገር ስለሆኑ ነው። ሃይማኖቱንም ሆነ ሐሳቡን በልቡ ይዞ መሄድ ይችላል። ሰውነቱን ግን ሁሉም ያየዋል፤ ስሙንና አነጋገሩን ሁሉም ይሰማዋል። ታዲያ በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ብሔሩን ማንም መርጦ እንዳልተወለደ ሁሉም ያውቃል። ክብደትን ግን ሰው ሁሉ በገዛ እጁ እንዳመጣው እንቆጥራለን። ስለዚህ ስለ ብሔር የሚነገረው ክፉ ቃል የጉጉት ወይም የአድናቆት ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ስለ ክብደት የሚነገረው ደግሞ የምክር። «ለጤናሽ ብዬ ነው» የሚባለውን ያልሰማች ወፍራም ሴት ያለች አይመስለኝም።

እስቲ ምክሩን እንመርምረው። በመንታዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች መሠረት ሰዎች በክብደት ከሚለያዩበት ምክንያት በግምት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ኢንሱሊን፣ ስቴሮይድ እና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ያወፍራሉ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራውን ሲቀንስ ሰው ክብደት ይጨምራል። ይህን ሁሉ ከፊት አይተን አናውቀውም። ሲቀጥንም እንዲሁ ነው፤ ሐዘን፣ ስኳር፣ ካንሰር፣ ምግብ ያለ መብላት ሕመም ሁሉም ያቀጥናሉ። እኔ ያን ዕለት «ምስጢሩን ንገሪን» ስል ምን እንደጠየቅኩ ማወቅ ነበረብኝ።

ደግሞስ ምክሩ ይሠራል? እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች 2,379 አሜሪካውያን ልጃገረዶችን ከ10 ዓመታቸው እስከ 19 ዓመታቸው ተከታትለዋል። በ10 ዓመታቸው ከወላጅ፣ ከእህት ከወንድም፣ ከጓደኛ ወይም ከአስተማሪ «በጣም ወፍራም ነሽ» የተባሉት፣ ካልተባሉት ይልቅ በ19 ዓመታቸው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው 1.66 እጥፍ ነበር። መጀመሪያ የነበራቸው ክብደት፣ የቤተሰብ ገቢና ዘራቸው ከግምት ገብቶ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ6 ሺህ በላይ ጎልማሶችና አረጋውያን ሲጠኑ፣ መጀመሪያ ከመጠን በላይ ካልወፈሩት መካከል በክብደታቸው ምክንያት መድልዎ የደረሰባቸው ከአራት ዓመት በኋላ ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው ወደ 2.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን በእርግጠኝነት አያረጋግጡም። «ብነግራት ትነቃለች» የሚለውን እምነት ግን አይደግፉም። ኀፍረት የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን ኮርቲሶል ከፍ ያደርጋል፤ ኮርቲሶል ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል። የተሸማቀቀ ሰው ሰው በሚያይበት ቦታ ስፖርት ለመሥራት ያፍራል፣ ሐኪም ዘንድ መሄዱንም ያራዝማል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በጋራ ባወጣው መግለጫ፣ ውፍረት የስንፍናና የሆዳምነት ውጤት ነው የሚለው አመለካከት ሳይንስ ከሚያውቀው ጋር እንደማይገጥም በግልጽ ተናግሯል።

ወደ ብሔር ልምጣ። እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያስገርመኝ «አትመስልም» የምትለው ቃል ናት። አንድ ሰው ብሔሩን ይናገራል፤ አድማጩ ዓይኑን ከፈት አድርጎ «ኧረ! ፈጽሞ አትመስልም!» ይላል፤ ከዚያም የሚመሰገን ይመስል ምላሽ ይጠብቃል። ቃሏን ፈታ አድርገን እንያት። በአድማጩ ጭንቅላት ውስጥ የዚያ ብሔር ሰው አንድ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉም የሚያምር አይደለም። ፊቱ የቆመው ሰው ሥዕሉን ስላልመሰለ ተደንቋል። ሰውየው «አመሰግናለሁ» ቢል እናቱንና አባቱን አስቀየመ፤ «ምን ማለትህ ነው?» ቢል ደግሞ ጨዋታ አበላሸ። «የእነሱ ሰው ብትሆንም ቅን ናት» የሚለውም ያው ነው። «ብትሆንም» የምትለው ቃል የአንድን ሕዝብ ስም አንሥታ መሬት ላይ ትጥላለች፤ ከዚያ አንዷን ሴት ብቻ ነጥላ ታነሣለች።

አንድ ወዳጄ ስለ መጀመሪያ የትምህርት ቀኑ ያጫወተኝን አልረሳውም። መምህሩ ስም እየጠራ የእሱ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ይሄ ደግሞ የየት ስም ነው?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ወዳጄ መለሰ። መምህሩም በቅን ልብ «ታዲያ ቋንቋችንን እንዴት አቀላጥፈህ ትናገራለህ!» አለው። ያ ቋንቋ ወዳጄ አፉን የፈታበት ነው። «ከዚያ በኋላ ለወራት ከመናገሬ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በሆዴ እለማመድ ነበር» አለኝ። መምህሩ ዛሬ ቢጠየቅ ልጁን ያሞገሰው ነው የሚመስለው።

ሁለቱ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። «የእናንተ ሰው መቼም ቀጭን ነው፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» ወይም «የእነሱ ሴቶች ሁሉ ወፍራም ናቸው» ሲባል በአንድ ጠጠር ሁለት ቦታ ይመታል። ዛሬ ቢኤምአይ የምንለውን ስሌት፣ ማለትም ክብደትን ለቁመት ካሬ ማካፈልን፣ በ1830ዎቹ የቀመረው ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌ ነው። የሚያሳስበው የአንድ ሰው ጤና አልነበረም፤ የሚፈልገው የሕዝብ አማካይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ስብስብም እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ የእስያ ሕዝቦች ባነሰ ቢኤምአይ ላይ ለስኳርና ለልብ ሕመም ሊጋለጡ እንደሚችሉ አመልክቷል። ሐኪም ይህን ማወቁ ተገቢ ነው። ሆኖም አማካይ የሕዝብ ነው እንጂ የሰው አይደለም። ከፊታችን ለቆመችው ሴት የወጣላት ልክ የለም።

ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ እንዴት ነው የሚሠራው? አንዱ መንገድ ጥርጣሬ ነው። ግልጽ ስድብ የደረሰበት ሰው ምን እንደደረሰበት ያውቃል። ይህ ግን «አስቦ ነው ወይስ አምልጦት? እኔ ነኝ ስሜተ ስስ? ብመልስለት ምን ይሉኛል?» እያሰኘ ሰውን ከራሱ ጋር ያከራክራል። ስብሰባው ይቀጥላል፣ ሌላው ሁሉ ስለ ሥራው ያስባል፣ እሷ ግን እዚያችው ቃል ላይ ቀርታለች። ሌላው መንገድ መገለል ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ ሰዎችን የአንጎል ምስል ማንሻ ውስጥ አስገብተው በኮምፒውተር ኳስ የመቀባበል ጨዋታ አጫወቷቸው፤ ከዚያም ሌሎቹ ተጫዋቾች ኳሷን እንዳያቀብሏቸው አደረጉ። ይህን ጊዜ በአካል ሕመም ወቅት ከሚነቁት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ነቃ። ቃል አጥንት አይሰብርም የሚል ካለ፣ አንጎላችን መገለልን እንደ ቀላል ነገር አያልፈውም።

ሐሳቡን የሚተቹም አሉ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ስኮት ሊሊየንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2017 ቃሉ ድንበሩ እንዳልጠራ፣ ማስረጃውም ገና እንዳልጠነከረ ጽፈው ነበር። በከፊል እስማማለሁ። ምላሱ ያዳለጠው ሰው ሁሉ አጥቂ አይደለም፤ «ጥቃት» የሚለው ስያሜም ሰውን ከመስማት ይልቅ ወደ መከላከል ይገፋዋል። ቃሉም በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም፤ ለአንዱ «ወፈርሽ» ማለት «ተመቸሽ» ማለት ነው፣ ለሌላዋ የሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ነገር ግን ስያሜውን ብንጥለው እንኳ ባልደረባዬ ሽንት ቤት ገብታ ማልቀሷ አይሰረዝም።

ተናግሮ የተገኘ ሰው ምን ያድርግ? ይቅርታ ይጠይቅ፣ በአጭሩ። «ቅር ብሎሽ ከሆነ ይቅርታ» ይቅርታ አይደለም፤ ጥፋቱን መልሶ እሷ ላይ መጫን ነው። «ለቀልድ ነው እኮ» ደግሞ ሁለተኛ ቃል መጨመር ነው። የተነገረበትም ሰው የማስተማር ግዴታ የለበትም፤ ሲችል ይመልሳል፣ ሲደክመው ዝም ይላል፣ ዝምታውም መስማማት አይደለም። አጠገብ የነበረ ሦስተኛ ሰው ግን ብዙ ይችላል። ወዳጄ እስከ ዛሬ የሚቆጨው መምህሩ ሳይሆን፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድ እንኳ «እሱ እኮ የእኛው ልጅ ነው» ያለ አለመኖሩ ነው።

እኔም ይቅርታዬን የጠየቅኩት ዘግይቼ ነው። ተዘጋጅቼ፣ ረጅም አድርጌ፣ ለመልካም ብዬ እንደነበረ ላስረዳት ጀመርኩ። መሃል ላይ እጄን ያዝ አደረገችኝ። «ለመልካም እንደሆነማ አውቃለሁ» አለች። «በዚያን ቀን የፈለግኩት እንኳን ደህና መጣሽ የሚለኝ ሰው ነበር።»