ክሮስ ኮምፓይለር ምንድን ነው?

አርዱይኖ በሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ላይ አምፖል ብልጭ ድርግም ያስባለ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ተማሪ፣ ስሙን ባያውቀውም ክሮስ ኮምፓይለር ተጠቅሟል። የተለመደው የአርዱይኖ ኡኖ ቺፕ 2 ኪሎባይት ሚሞሪ እና 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማስቀመጫ ብቻ ያለው ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ነው፤ ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጥ ፕሮግራም፣ እዚያ ላይ ማስነሳት የማይታሰብ ነው። ኮዱ የሚጻፈውም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለወጠውም ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ቺፑ ያለቀለትን በገመድ ይቀበላል። ነገሩ ይኸው ነው፦ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ እየሠራ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር የሚሆን ፕሮግራም የሚያወጣ ኮምፓይለር።

አርዱይኖ ሁሉን አሰናድቶ ስለሚያቀርብ ማንም ልብ አይለውም። ጉዱ የሚወጣው ራስበሪ ፓይ በሚባለው፣ ሊኑክስ በሚያስነሳው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሐይቅን የውኃ ከፍታ እየለካ የሚመዘግብ ዕቃ ልንሠራ ነው እንበል። የላፕቶፓችን ፕሮሰሰር ኢንቴል፣ የፓይ ደግሞ አርም የሚባለው ዓይነት ነው። በተለመደው ኮምፓይለር ያወጣነውን ፕሮግራም ገልብጠን ብናስነሳው ፓይ ፋይሉን አላውቀውም ብሎ እምቢ ይላል። እርግጥ ፓይ ራሱ ላይ ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ትንሽ ከሆነ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ትልቅ ሲሆን ግን 512 ሜጋባይት ሚሞሪ ያለው ፓይ ዜሮ ሲለፋ ያድርና ሊነጋ ሲል መብራት ይጠፋል።

ብዙ ሰው ኮምፓይለሩን ሲጭን ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ኮምፓይለሩ እንኳ ቀላሉ ነው። ጂሲሲ የሚባለው የታወቀው ኮምፓይለር ብቻውን አይበቃም፤ አሴምብለርና ሊንከር (የማሽን ኮዱን የሚያወጣውና ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው) የያዘው ቢንዩቲልስ፣ የሊኑክስ ከርነል ሄደሮች (ከከርነሉ ጋር መነጋገሪያውን የሚገልጹ ፋይሎች)፣ እንደ ጂሊብሲ ወይም መስል ያለ የሲ ቋንቋ ላይብረሪም (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ ተግባራት ስብስብ) ያስፈልጋል። ቱልቼን የሚባለው ይህ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ከባዶ ለሚሠራው ሰው ደግሞ ቋጠሮ አለበት፦ የተሟላ ጂሲሲ ለመሥራት የሲ ላይብረሪው መኖር አለበት፣ ላይብረሪውን ኮምፓይል ለማድረግ ደግሞ ጂሲሲ መኖር አለበት። መፍቻው ጂሲሲን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። መጀመሪያ ቢንዩቲልስ፣ ከዚያ ሲን ብቻ የሚያውቅ ጎዶሎ ጂሲሲ፣ ከዚያ በከርነል ሄደሮቹ እየተረዱ ላይብረሪው፣ በመጨረሻ ሲ ፕላስ ፕላስን የሚጨምረው ሙሉው ጂሲሲ።

አብሽሩ፣ ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ግድ አይደለም። ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች የተዘጋጀ የአርም ቱልቼን አላቸው፤ ክሮስቱል ኤንጂ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ምርጫችሁን ጠይቆ ቅደም ተከተሉን ራሱ ይጨርሳል። ምንጮቹን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ ግን ኔትወርክ ደህና የሆነበትን ሰዓት ጠብቁ።

ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረው ልኩን ማግኘት ነው። ደሴ ያለ ልብስ ሰፊ ኮምቦልቻ ላለ ደንበኛ ሲሰፋ ልኩ በእጁ መኖር አለበት፤ ሲስሩት የሚባለው ማህደርም እንደዚያው ነው፣ የፓይን ሄደሮችና ላይብረሪዎች ላፕቶፑ ላይ ይይዛል። እሱ ከሌለ ወይም ያለበት ቦታ ለኮምፓይለሩ ካልተነገረው፣ ኮምፓይለሩ ሳይታወቅ የላፕቶፑን ላይብረሪ ሊያነሳ ይችላል። የጂሊብሲ ዕድሜም ይታይ፦ በአዲስ ጂሊብሲ የተያያዘ ፕሮግራም አሮጌ ጂሊብሲ ባለው ፓይ ላይ ላይነሳ ይችላል፤ ተቃራኒው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ይበልጥ የሚያናድደው አርም ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይና የመጀመሪያው ፓይ ዜሮ አርም ስሪት 6 ናቸው። የዴቢያን ባለ 32 ቢት ቱልቼን ግን የተሰናዳው ለስሪት 7 ነው። ፕሮግራሙ ያለአንዳች ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ ፓይ ላይ ሲነሳ «ሕገወጥ ትእዛዝ» ብሎ ይሞታል። ለጂሲሲ «ስሪት 6 አውጣ» ብሎ ማዘዝም ብቻውን አያድንም፤ ከቱልቼኑ ጋር የመጡትና ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገቡት የማስነሻ ፋይሎች ራሳቸው የስሪት 7 ናቸውና። ለእነዚህ ቦርዶች በክሮስቱል ኤንጂ ስሪት 6ን መርጦ ሙሉ ቱልቼኑን መሥራት ይሻላል። ፕሮግራሙን ወደ ፓይ ከመውሰዳችሁ በፊት ሪድኤልፍ በሚባለው የቢንዩቲልስ መሣሪያ ብትከፍቱት ለየትኛው የአርም ስሪት እንደተሠራ እዚያው ላፕቶፓችሁ ላይ ታያላችሁ።