ተከራይ ሲተካ ውሉ ምን ይሆናል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደባሎች በአንድ ውል ቤት ተከራይተው ሲኖሩ አንዱ ውሉ ሳያልቅ መልቀቅ ይፈልጋል። ምትኩን ያመጣል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ ይሄዳል። አከራዩም ኪራዩ በጊዜው እስከገባ ድረስ ምንም አይልም። ብዙ ተከራዮችን የሚያሳስተው ይህ ዝምታ ነው።

«ቁልፍ ካስረከብኩ ኃላፊነቴ አብቅቷል።»
አላበቃም። ከቤቱ ብትወጡም ስማችሁ ከውሉ አልወጣም። ውሉ ተከራዮቹን በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ አከራዩ ያልተከፈለውን ኪራይ በሙሉ ከፈራሚዎቹ መካከል ከፈለገው ሰው መጠየቅ ይችላል። ተተኪው መክፈል ማቆሙን የለቀቀው ሰው የሚያውቀው የክፍያ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መውጫ አከራዩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ከግዴታ ነጻ እንዳደረጋችሁ በጽሑፍ ፈርሞ መስጠቱ ነው። «ችግር የለም» የሚል የስልክ መልስ ይህን አይተካም።

«ስም ሰርዞ ሌላ ስም መጻፍ ይበቃል።»
ጠንቃቃ አከራይ እንዲህ አያደርግም። አንድም በነባሩ ውል ላይ ወጪው (የሚለቀው ተከራይ)፣ ገቢው (የሚተካው ሰው) እና ቀሪዎቹ ሁሉ የሚፈርሙበት ማሻሻያ ያዘጋጃል፤ አለዚያም ነባሩን ውል አፍርሶ አዲስ ይዋዋላል። ሁለተኛው ለአከራዩ ይቀናዋል። ለቀሪዎቹ ተከራዮች ግን የኪራዩ መጠንና የውሉ ማብቂያ ቀን እንደገና ለድርድር ተከፈተ ማለት ስለሆነ፣ እነዚህን ሁለቱን ሳያዩ መፈረም የለባቸውም። ለወጪው የፈረመ ዋስም ለገቢው ዋስ እንደሆነ አይቆጠርም።

«ማስያዣዬን በወጣሁበት ቀን አከራዩ ይመልስልኛል።»
ማስያዣው በጋራ የተያዘ ከሆነ ብዙ አከራዮች ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀቅ አይመልሱትም። ስለዚህ ገቢው ለወጪው ድርሻውን ከፍሎ ይተካዋል። እዚህ ላይ የሚጎዳው አዲሱ ተከራይ ነው፤ ከእርሱ በፊት የተሰነጠቀው የእጅ መታጠቢያ፣ ማጠፊያው የተነቀለው የቁም ሳጥን በር ሁሉ ኋላ ከእርሱ ገንዘብ ሊቆረጥ ይችላል። በቅያሪው ዕለት አብሮ ቤቱን መዞር፣ ጉዳቱን ፎቶግራፍ አንስቶ በጽሑፍ መፈራረም፣ ለተከፈለው ገንዘብም ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። ይህን ቸል የሚል አከራይ ለራሱም ጠብ ያስቀምጣል።

«አከራዩ ያመጣሁትን ሰው የመቀበል ግዴታ አለበት።»
በጥቅሉ የለበትም። አዲሱን ሰው የደመወዝ ወይም ሌላ የገንዘብ ገቢ ማስረጃ መጠየቅና የዚህን ሰው የቀድሞ አከራይ ማነጋገር ይችላል። ሆኖም በአንዳንድ አገሮች ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት አይፈቀድለትም።

«መልሶ ማከራየትም (የተከራዩትን ቤት ለሌላ ሰው ማከራየት) ያው ነው።»
አይደለም። መልሶ ያከራየ ሰው በነባሩ ውል ተከራይ ሆኖ ይቆያል፤ ሁለተኛው ሰው ያልከፈለውን ለአከራዩ የሚከፍለው እርሱ ነው። የመመለስ ሐሳብ የሌለው ሰው መተካትን ይምረጥ።