«መልሰህ ምታው» እና ልጅን የማያድኑ ሌሎች ምክሮች

ልጃቸው በትምህርት ቤት ጉልበተኞች እየተጠቃ መሆኑን የሰሙ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በቅን ልቦና ነው። ልጁን የሚጎዳው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ያደጉት ምክር ነው።

«የልጆች ጠብ ነው፤ ነገ ይታረቃሉ»

ጠብና ጉልበተኝነት ይለያያሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ቀድመው ጥናት ካደረጉት ምሁራን አንዱ የሆነው ዳን ኦልቬውስ ጉልበተኝነትን የለየው በሦስት ነገሮች ነው፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል ልዩነት አለ። ኃይል ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ፣ የጓደኛ ብዛት፣ በክፍሉ ውስጥ ያለ ተሰሚነትም ኃይል ነው። እኩያሞች በኳስ ቢጣሉ ማስታረቅ ይቻላል። ጉልበተኛውንና የተጠቃውን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ተጨባበጡ» ማለት ግን ጥፋቱን ለሁለት ማካፈል ነው። የተጠቃው ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ፈርቶ «ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ ውጭ ሲወጣ ስለከሰሰ ይቀጣል። ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ለየብቻ እንዲያነጋግር ጠይቁ።

«የደረሰበት ነገር ቢኖር ይነግረኝ ነበር»

ብዙ ልጆች አይናገሩም። ያፍራሉ፣ ነገሩ እንዳይብስ ይፈራሉ፣ ወላጅ ተቆጥቶ መጥቶ በጓደኞቻቸው ፊት ያዋርደናል ብለውም ይሰጋሉ። ስለዚህ ምልክቱን ማየት የወላጅ ሥራ ነው፦ ትምህርት በሚጀመርበት ዋዜማ የሚነሣ የሆድ ሕመም፣ በየጊዜው የሚጠፋ ዕቃ፣ ያለ ምክንያት የተቀየረ መንገድ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩጫ ወደ ሽንት ቤት መግባት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት መምህር የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ የተጠቃ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ሊውል ይችላል።

«ማን መታህ?» ብሎ ከማፋጠጥ ይልቅ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ትውላለህ? የማትወደው ቦታ የቱ ነው?» በሉት። መናገር ሲጀምር አታቋርጡት፤ «አንተስ ምን አድርገህ ነው?» የምትለው ጥያቄ አፉን ትዘጋዋለች። መጀመሪያ መስማት ያለበት ይህን ነው፦ «ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የምናደርገውን አብረን እንመክርበታለን።» «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ ልትጠብቁት አትችሉም።

«መልሰህ ምታው፤ ያኔ ይተውሃል»

ከሁሉም ምክሮች ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። ልጁ አቅሙ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያም ዒላማ አይሆንም ነበር። መልሶ ሲመታ ጠቡ ይከርራል፤ መምህር የሚያየውም ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ምት ስለሆነ ተቀጪው እሱ ይሆናል። መምታት ካልቻለ ደግሞ ወላጁንም እንዳሳፈረ ያስባል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይነግራችሁም።

በምትኩ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለማምዱት፦ «ተው፣ ይህን አልፈልግም።» ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሳይጮህና ሳይሳደብ ከተናገረ በኋላ ሰው ወዳለበት ይሂድ። ቤት ውስጥ በቀን 5 ደቂቃ ልምምድ ይበቃል። መጀመሪያ እናንተ አሳዩት፣ ከዚያ እሱ ይሞክር። አካላዊ አደጋ ካለ ግን ቃል መለዋወጥ አያስፈልግም፤ ወዲያው ወደ አዋቂ ይሽሽ።

አንድ ጓደኛ አብሮት መኖሩም ትልቅ ነገር ነው። በካናዳ ትምህርት ቤቶች የመጫወቻ ሜዳ በካሜራ በተደረገ ጥናት፣ ሌሎች ልጆች ጣልቃ ሲገቡ ከግማሽ በላይ በሆኑት አጋጣሚዎች ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ጣልቃ መግባት ማለት መጋፈጥ ብቻ አይደለም፤ «ና፣ እንሂድ» ብሎ ልጁን ይዞ መሄድም ይበቃል።

«የልጁን ወላጆች ራሴ አናግራቸዋለሁ»

ማንም ወላጅ ልጁ ሲከሰስ መጀመሪያ ይከላከላል፤ ጉዳዩም የአዋቂዎች ጠብ ይሆናል። በትምህርት ቤቱ በኩል ሂዱ፣ ባዶ እጃችሁን ግን አይሁን። «ሁልጊዜ ያስቸግሩታል» የሚል አቤቱታ በቀላሉ ይታለፋል። በደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንዳየ እና ለማን እንደተነገረ መዝግቡ፤ ቁስልና የተቀደደ ልብስ ፎቶ አንሡ። ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ በዚያ ቦታና ሰዓት ማን ይጠብቃል? ከመቼ ጀምሮ? በሳምንት ውስጥ በየትኛው ቀን እንገናኝ? የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ላኩ። ለውጥ ከሌለ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሂዱ። የመሣሪያ ዛቻ ወይም ጾታዊ ጥቃት ካለ በዚያው ቀን ርዕሰ መምህሩና ፖሊስ ይወቁ።

«ስልኩን ብቀማው ይገላገላል»

በስልክ የሚሰደብ ልጅ ስልኩን ሲቀማ የተቀጣው እሱ ነው፤ ቀጥሎ ቢሰደብ ይደብቃል። መልስ አይስጥ። ምንም ከመጥፋቱ በፊት የላኪው ስምና ቀኑ በሚታይበት መልኩ የስክሪን ፎቶ ያንሣ፣ ከዚያ ላኪውን ያግድ፣ ለመተግበሪያውም ያመልክት።

«ያጠነክረዋል»

አያጠነክርም። ተደጋጋሚ ጥቃት ከጭንቀትና ከድባቴ ጋር ይያያዛል። ልጁ መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረ «ራስህን ስለ ማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ባለሙያ ውሰዱት።

«ቀጥተውታል፤ አለቀ»

ዱላው ሲቆም ማግለል ሊተካ ይችላል፦ ከጨዋታ ማስወጣት፣ ወሬ መንዛት፣ አጠገቡ አለመቀመጥ። ይህ ሰንበር ስለማይተው ለመምህር አይታይም። ስለዚህ ቢያንስ ለቀጣዮቹ 6 ሳምንታት ያንኑ ጥያቄ ጠይቁት፦ ዛሬ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነበርክ?