የልብ ጥቃት ሕክምና ከቦታ ቦታ ለምን ይለያያል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ባደጉት አገሮች የትም ብትታከም ያው ነው»

ያው አይደለም። ስዊድንና ብሪታንያ ሁለቱም ሀብታም ናቸው፤ ሁለቱም ሕዝባቸውን በመንግሥት ወጪ ያሳክማሉ። ሃርት አታክ ይዞት ሆስፒታል የገባውንም በአገር አቀፍ መዝገብ ያሰፍራሉ። ከ2004 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የታከሙ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ሲነጻጸሩ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በስዊድን 7.6፣ በብሪታንያ 10.5 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል።

«የብሪታንያዎቹ ሕሙማን ሕመማቸው ጠንቶ ይሆናል»

ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን ዕድሜው፣ ስኳሩ፣ ማጨሱ፣ ሲገቡ የነበራቸው የደም ግፊትና የልብ ምት ሁሉ ታስቦ ሲሰላም የብሪታንያው ሞት በ37 በመቶ ይበልጥ ነበር።

«ልዩነቱ የማሽን ነው»

በከፊል እውነት ነው። የልብ ደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋባቸው ሕሙማን መካከል ወዲያው በባሉን (ሥሩ ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ) እና በስቴንት (ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የተከፈተላቸው በስዊድን 59፣ በብሪታንያ 22 በመቶ ነበሩ። ግን ቤታ ብሎከር፣ ማለትም የልብን ምትና ጫና የሚቀንስ መድኃኒት፣ ታዞላቸው ከሆስፒታል የወጡትም በስዊድን 89፣ በብሪታንያ 78 በመቶ ነበሩ። ይህ ርካሽ ክኒን ነው፤ ምንም ማሽን አይፈልግም።

ካት ላብ (ባሉንና ስቴንት የሚገባበት ክፍል) ያለው ሆስፒታልም ቢሆን ሰዓቱን የሚያባክነው በትንንሽ ነገሮች ነው። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሕመምተኛው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ በሐኪም መነበብ አለበት፤ ተነስቶ ማንም ሳያየው ጠረጴዛ ላይ ከቆየ እንዳልተነሳ ነው። ኢሲጂው ላይ ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ብሎ (ይህ ሥሩ መዘጋቱን ያመለክታል) ምልክቱም ግልጽ ከሆነ የትሮፖኒን፣ ማለትም የልብ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ፣ ውጤት አይጠበቅም። ብዙ ደቂቃ የሚጠፋው ግን ቡድኑን በመጥራት ላይ ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የልብ ስፔሻሊስት እስኪፈቅድለት ከጠበቀ፣ ከዚያ ነርሱንና ቴክኒሻኑን አንድ በአንድ ከደወለ፣ ሌሊት ላይ ግማሽ ሰዓት እንደ ዋዛ ያልፋል። ፈጣኖቹ ሆስፒታሎች ሐኪሙ ራሱ ወስኖ በአንድ ጥሪ ሁሉንም እንዲያስነሳ ፈቅደዋል፤ ተረኞቹም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳሉ።

«ኦክስጅን ለሁሉም ይሰጥ»

የደም ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ካልወረደ አይጠቅምም፤ በ2017 የወጣው የስዊድን ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል።

«ቅርብ ያለው ሆስፒታል ይሻላል፤ በራሴ መኪና ልሂድ»

አምቡላንስ ውስጥ ኢሲጂ በሚነሳበት አገር ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ባለሙያዎቹ ቅርቡን አልፈው ካት ላብ ወዳለበት በቀጥታ ይወስዳሉ፣ ቡድኑንም ከመንገድ ላይ ያስጠራሉ። በራሱ የሄደ ሰው ካት ላብ የሌለው ሆስፒታል ከገባ እንደገና ሪፈር መጠበቅ አለበት። ያ ሆስፒታል በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊያስወጣው ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ ይዘገያል።

«ካት ላብ ከሌለ ተስፋ የለም»

ካት ላቦች በአብዛኛው አዲስ አበባ በሚገኙባት ኢትዮጵያ ይህ አመለካከት በተለይ መታረም አለበት። ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓት ካላለፈውና በ120 ደቂቃ ውስጥ ስቴንት ማስገባት ካልተቻለ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ወዲያው ይሰጣል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቴኔክቴፕሌዝ እንደ ሕመምተኛው ክብደት ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም በአንድ መርፌ ይሰጣል፤ ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑ ግማሹ። ሌላው፣ ስትሬፕቶካይኔዝ፣ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይንጠባጠባል። አስፕሪን ከ150 እስከ 300 ሚሊግራም ይታኘካል። ከዚህ በፊት አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ግን የሚያሟሟውን መድኃኒት አይወስድም።

ከመርፌው በኋላ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ኢሲጂ ይደገማል። ከፍ ያለው መስመር ቢያንስ በግማሽ ካልወረደ ሥሩ አልተከፈተም፤ ሕመምተኛው ካት ላብ ወዳለበት በአስቸኳይ ይላካል። ቢወርድም ከ2 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ሥሮቹ በአንጂዮግራፊ (ቀለም ተሰጥቶ በሚነሳ የደም ሥር ራጅ) መታየት አለባቸው። መርፌውን ሰጥቶ ዋርድ ውስጥ ማስተኛት ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

«ልዩነቱ አይጠብም»

ጠቧል። እንግሊዝ በ2008 ስቴንትን በመላ አገሪቱ ቀዳሚ ሕክምና ለማድረግ ወሰነች፤ ሆስፒታሎቿም የየራሳቸውን ደቂቃ መዝግበው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ብሪታንያ ከስዊድን ጋር የነበራት የሞት ልዩነት በ2004 47 በመቶ ነበር፤ በ2010 ወደ 20 ወርዷል።